ለፔሩ ጉዞ ወር እንዴት ይመረጣል?

«ፔሩ አየሩ ጥሩ የሚሆነው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ተራራ ላይ ያለችው ኩስኮ ፀሐይ ሲሆን፣ ባሕር ዳርቻ ያለችው ዋና ከተማ ሊማ በደመና ተሸፍና ታዛጋለች። ኩስኮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ የሊማ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ ወር። (ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው፤ ትኬቱም የሚቆረጠው በዚያው ነው።)

1. የምትሄዱባቸውን ቦታዎች ከነከፍታቸው ጻፉ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እየተባለ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ጥንታዊው የኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባን ይጠጋል። ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ገደማ፣ የቲቲካካ ሐይቅ ዳርዋ ፑኖ 3,800 አካባቢ ነው። «የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ መኩራራት እዚህ አያዋጣም። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ፣ ውኃ ጠጡ። ከተቻለ ከኩስኮ ወደ ዝቅተኛው ሸለቆ ወርዳችሁ እደሩ።

2. ባሕር ዳርቻውን ለብቻው አስቡት። የቆላ ሂሳብ እዚያ አይሠራም። መሬቱ ዝቅ ያለ በረሃ ነው፣ ግን አያቃጥልም። ምክንያቱ ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የሃምቦልት የባሕር ሞገድ ነው። ከባሕሩ በላይ ያለውን አየር ስለሚያበርደው ዝቅ ያለ ደመና ይፈጠራል እንጂ ዝናብ እምብዛም አይዘንብም። ከጁን እስከ ኦክቶበር ሊማ ላይ ሰማዩ ግራጫ ነው። አንዳንዴ ጋሩዋ የሚሉት ካፊያ ብጤ ይነካችኋል። ቅዝቃዜው ከባድ አይደለም፣ እርጥበቱ ግን አጥንት ይገባል። ፀሐይ ከፈለጋችሁ ከዲሴምበር እስከ ማርች ሂዱ።

3. ለተራራው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያለውን ያዙ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጁን እና ጁላይ ላይ ወፍራም ጃኬት ግድ ነው። ጁን 24 የፀሐይ በዓሉ ኢንቲ ራይሚ ስለሚከበር ኩስኮ ይጨናነቃል፤ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። በእግር ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የኢንካ መንገድ ፌብሩዋሪን ሙሉ ለጥገና ይዘጋል። እኔን ብትጠይቁኝ ሜይን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ አብቅቶ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው።

4. አማዞን ከገባችሁ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ዝናብ አለ። ሆኖም በደቡቡ የአማዞን ከተማ ፑዌርቶ ማልዶናዶ አካባቢ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ከደቡብ ብርድ ድንገት ሊገባ ይችላል። አንድ ሹራብ ያዙ።

5. ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኤል ኒኞን ዜና እዩ። እኛ ኤል ኒኞን የምናውቀው ክረምታችንን ሲያሳጣን ነው፤ በ2015 እንዳየነው። ሰሜን ፔሩ ላይ ግን ጎርፍ ነው የሚያመጣው። በ2017 የፔሩ ባሕር ዳርቻ ውኃ ሲሞቅ ፒዩራ ከተማን ጎርፍ አጥለቅልቋታል። የፔሩ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሴናምሂ ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ ሰሜኑን ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል ተዉትና ደቡቡን አስቀድሙ።