ኤገር ሄዳችሁ ወይን ስትቀምሱ እንዳትሸወዱ

ኤገር ሰሜን ሃንጋሪ ውስጥ፣ ከቡክ ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከቡዳፔስት በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ኤግሪ ቢካቬር ("የኤገር የኮርማ ደም") የሚባለው ቀይ ወይኗ ከሃንጋሪም ውጭ ይታወቃል። ለትምህርት እዚያ ያላችሁ ወገኖች አንድ ቀን መሄዳችሁ አይቀርምና እነዚህን ልብ በሉ።

ከስሙ ተነስቶ ከባድ ወይን መጠበቅ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። "ደም" ሲባል ሰው የሚጠብቀው ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ራስ የሚይዝ ነገር ነው። ኤገር ግን ቀዝቃዛ አገር ነው። ጸደይ ዘግይቶ ይገባል፣ ዝናቡም ብዙ አይደለም። የወይኑ ፍሬ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል። የቢካቬር ምሰሶ የሆነው ኬክፍራንኮሽ የተባለው ዝርያ ደግሞ በተፈጥሮው ኮምጠጥ ይላል። ስለዚህ ብርጭቆው ውስጥ የምታገኙት የጎምዛዛ ቼሪና የቁንዶ በርበሬ ቃና ነው። አንድ ጊዜ ቀምሶ "ውሃ ውሃ ይላል" ብሎ ማስቀመጥ ያስቆጫል። ፐርከልት ከሚባለው የሃንጋሪዎች የሥጋ ወጥ ጋር ሞክሩት። ኮምጣጣነቱ ስቡን ከአፍ ጠርጎ ሲወስድ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ይገባችኋል።

የጢሙን ታሪክ እንደ እውነት መቀበል

በ1552 እ.ኤ.አ. የኦቶማን ጦር የኤገርን ምሽግ ከአንድ ወር በላይ ከበበ። የምሽጉ አዛዥ ዶቦ ኢሽትቫን ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ይዞ መለሰው። ይሄ የተረጋገጠ ታሪክ ነው። ተከላካዮቹ ቀይ ወይን ጢማቸው ላይ ሲንጠባጠብ ጠላት የኮርማ ደም የጠጡ መስሎት ሸሸ የሚለው ግን አፈ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን የኤገር ሰው በአብዛኛው የሚጠጣው ነጭ ወይን ነበር። ካዳርካ የሚባለው ቀይ ዝርያ የመጣው ኋላ ላይ፣ ከኦቶማን ከሸሹ ሰርቦች ጋር ነው። አስጎብኚው ሲተርክላችሁ ግን አትከራከሩ፤ ጨዋታው ያምራል።

"ቢካቬር ሁሉ አንድ ነው" ማለት

በሶሻሊዝም ዘመን ቢካቬር በገፍ እየተመረተ በርካሽ ይላክ ነበር። መጥፎ ስሙ የተረፈው ከዚያ ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ ክላሲኩስ፣ ሱፔሪዮር ወይም ግራንድ ሱፔሪዮር የሚል ደረጃ ታገኛላችሁ። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ደንቡም ይጠብቃል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ደቡብ ያለው ሞቃቱ ሴክሳርድም ቢካቬር ስለሚሠራ "ኤግሪ" የሚለውን ቃል ሳታዩ አትክፈሉ።

የቦታውን ስም አለማንበብ

ናጅ ኤገድ የሚባለው ተራራ ላይ ያለው ማሳ በሃንጋሪ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከፍታ ቅዝቃዜ ነው፣ ታዲያ ቀይ ወይን እንዴት ይበስላል? ቁልቁለቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ስለሆነ ፀሐይ በደንብ ያገኛል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ስለዚህ ውርጭ የሚመታው ብዙ ጊዜ ታች ያለውን ነው። አፈሩም ይለያል። በአካባቢው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ለስላሳ ድንጋይ ሲበዛ እዚህ ግን በሃ ድንጋይ ነው። የተራራው ስም የተጻፈበት ጠርሙስ ቢወደድም አይገርምም።

ነጩን መዝለል

ኤግሪ ቺላግ ("የኤገር ኮከብ") ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ፣ ከበርካታ ዝርያዎች የሚቀላቀል ነጭ ወይን ነው። ለቀዝቃዛ አገር ነጭ ያዋጣል። እኔ ለበጋ ከቀዩ እሱን እመርጣለሁ።

ሴፓሶንይ ሸለቆ መጀመሪያው በር ላይ መቀመጥ

በድንጋይ ውስጥ የተቦረቦሩ የወይን ቤቶች በረድፍ የተደረደሩበት ቦታ ነው። የሚያስተናግዱት ወይን ግን እኩል አይደለም። ሁለት ሦስት ቤት ትንሽ ትንሽ ቀምሳችሁ ወደ ጣማችሁ ተመለሱ። በላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳላችሁን ቶሎ ጠጡት፣ ለበዓል ብላችሁ አታስቀምጡት። የቡሹን ጠርሙስ ደግሞ ቀይ ቢሆንም ከመክፈታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት።