የናፍጣ መኪናችሁ ኤሌክትሪክ መጣ ሄደ ሲል

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አሮጌዎቹን ሃይሉክስ፣ ሃይኤስና ላንድክሩዘር ነው፤ ኮምፒውተር የሌላቸውን፣ የናፍጣ ፖምፓቸው በሜካኒካል የሚሠራውን፣ 12 ቮልት ባትሪ የሚጠቀሙትን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ባለቤቶቻቸው እነዚህን መኪኖች እንደ ዓይናቸው ብሌን ይዘዋቸዋል። ባትሪው ኃይል እንዳለው፣ ቺንጋው እንደተወጠረ፣ ፊውዝ እንዳልተቃጠለ አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ። ያንን ያላየ መጀመሪያ ያንን ይይ።

አጠፋፉን ለዩ

«አንዳንዴ ይጠፋል» ብሎ መኪና የሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንዴት እንደሚጠፋ የሚነግረኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ሞተሩ እየተንገዳገደ፣ ጉልበቱ እየደከመ፣ እንደ መታነቅ ብሎ ከጠፋ ችግሩ ኤሌክትሪክ አይደለም። የናፍጣ ፊልትሮ፣ ናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃ ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አታምጡት፤ ገንዘባችሁን በከንቱ ነው የምንበላው።

ቁልፍ እንደተዘጋበት ሁሉ ድንገት ጸጥ ካለ ግን አብረን እንቀጥል። የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ናፍጣውን የሚያነደው የታመቀ አየር ሙቀት ነው። ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፖምፓው ላይ ባለችው አውራ ጣት በምታህል ሶሌኖይድ። ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ይደርሳትና የናፍጣውን መንገድ ትከፍታለች። ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ከተቋረጠ ሞላዋ ይመልሳትና መንገዱ ይዘጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋባችሁ ወዲያው ቁልፍ አታዙሩ። ክሩስኮቱን፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ እዩ፤ ፓውዛውን አብሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ፓውዛው ደህና ከበራ ጥፋቱ ከቁልፍ ማስነሻው እስከ ሶሌኖይዷ ባለው መስመር ላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ብቻ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድርግም ካለ ባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ ወይም ዋናው ገመድ ነው። ይህን ሦስት ነገር ለይቶ የሚመጣ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል።

ሁልጊዜ የማገኘው፦ ጥቁሩ ገመድ

ሰው ሁሉ ቀዩን፣ የፖዘቲቩን ገመድ ነው የሚያየው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጋ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የወጣው ሁሉ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም በሞተሩ ብረት፣ በሻንሲውና በጥቁሩ፣ በኔጋቲቩ ገመድ ነው። የናፍጣ ሞተሪኖ 200 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል። በዚህ መስመር ላይ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር 2 ቮልት እዚያው ቀለጠ ማለት ነው። የዛገ አንድ ብሎን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ምልክቶቹን አንዴ ካወቃችኋቸው አትረሷቸውም። ፍሬቻ ስታበሩ የክሩስኮቱ መብራት አብሮ ይርገበገባል። ፓውዛ ስታበሩ የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ይላል፣ ስታጠፉ ይመለሳል። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፣ በአምስተኛው ሙከራ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። ይህን ጊዜ ነው ባለቤቱ ባትሪ የሚገዛው። አዲሱ ባትሪ ጠንካራ ስለሆነ ለሁለት ወር ችግሩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ከዚያ ዲናሞ ይገዛል።

አንድ ጋሼ ሃይሉክሳቸውን ይዘው መጡ። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ሞተሪኖ፣ አንድ የተጠገነ ዲናሞ ገዝተዋል፤ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ሊሄዱ ሲሉ እንደ ቀላል ነገር አድርገው «ደግሞ ልጄ፣ የነዳጁ ፔዳል ይከብደኛል» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ረዳቴን «ሞክር» አልኩት። ቁልፉን ሲያዞር ከነዳጅ መስጫው ካቦ ላይ ቀጭን ጭስ ወጣ። ሞተሩ ወርዶ ሲጠገን ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚታሰረውን ጠፍጣፋ ገመድ መልሶ ያሰረው ሰው የለም። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በነዳጁ ካቦ ሲመለስ የካቦውን የውስጥ ፕላስቲክ አቅልጦታል፤ ፔዳሉ የከበደውም ለዚህ ነው። ጋዝ ተረግጦ ተቀርቅሮ ቢቀር ኖሮስ? ገመዱን አሰርኩ፣ ካቦውን ቀየርኩ። ደረሰኞቹን እንደገና ሲጠቀልሏቸው ምንም አላልኩም።

ሌላው ቀለም ነው። ቦዲ ሠሪው መኪናውን ፈትቶ አሳምሮ ይቀባል፤ ገመዱ የሚታሰርበትንም ቦታ አብሮ ይቀባል። ከዚያ በቀለም ላይ ብሎን ያጠብቃል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑ በጥርሱ በሚነካት ትንሽ ቦታ መኪናው ለጊዜው ይሠራል፣ ክረምት ገብቶ ዝገቱ ሲጀምር ይለግማል። መኪናው ተቀብቶ ከወጣ በኋላ የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ሁሉ የቀለም ችግር ነው ብዬ ነው የምጀምረው፤ የተሳሳትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አለካኩ ይህ ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ አሳርፉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። ሰው ሞተሩን ያስነሣ። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥፋቱን አገኛችሁት። ከዚያ ጫፉን ወደ ሻንሲው፣ ቀጥሎ ወደ ቦዲው አዛውሩና ድገሙት። በቀዩ በኩል ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ሞተር ሳይነሣ በኦም መለካት ዋጋ የለውም፤ ከመቶ ክር አንድ ክር የቀረው ገመድም በኦም ሲለካ ጤነኛ ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ነው፣ የሚሠራው ግን የለም። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ መጨረሻ እሰሩ። ሁሉንም መገናኛ ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ። እሰሩ፣ ከታሰረ በኋላ ከላይ ግራሶ ቀቡት። ሞተርን ከሻንሲ፣ ሻንሲን ከቦዲ የሚያገናኙት ገመዶች መኖራቸውን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

ስለ ገመድ ግዢ አንድ ነገር ልበል። ገበያው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቶበታል። ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ስለት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ክር ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት። ውፍረቱ ከ35 ስኩዌር ሚሊሜትር አይነስ። ጫፉ በመዶሻ የተጨፈለቀ ገመድ አልቀበልም፤ ተጨምቆ በስታኞ የተሞላ ይሁን።

የባትሪው ራስ

ማሰሪያው፣ ማለትም ሞርሴቶው፣ በእጅ ተይዞ ከተነቃነቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የፖዘቲቩ ራስ ከኔጋቲቩ ትንሽ ይወፍራል፤ ሞርሴቶ አቀያይሮ ያሰረ ሰው አንዱ እንደሚላላበት አያስተውልም። ሲላላ ምን ያደርጋል? ሚስማር ይከትበታል። አንድ ሃይኤስ በሌሊት ዓባይ በረሃን ሲወርድ በየጉድጓዱ መብራቱ ይጠፋ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል፣ በዚያ ጠመዝማዛ፣ ሰው ጭኖ። በማግስቱ ስከፍተው በሞርሴቶውና በባትሪው ራስ መካከል የቆርቆሮ ቁራጭ ተወትፏል። አዲስ ሞርሴቶ ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም።

ነጩና አረንጓዴው ዱቄት ላይ ለስላሳ መጠጥ አታፍስሱ። ያጸዳል፣ እውነት ነው፤ የሚተወው ስኳር ግን አቧራና እርጥበት ይሰበስባል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ወደ ባትሪው ቀዳዳ ግን እንዳይገባ። ሞተር እየሠራ ባትሪ ነቅሎ ዲናሞ የሚፈትን ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት የዲናሞውን ዳዮድ ያቃጥላል።

ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ ደህና ከሆነ

ከባትሪው ፖዘቲቭ ፊውዝ ባለው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሶሌኖይዷ ስጡና ንዱት። ከዚያ ካልጠፋ ጥፋቱ መስመሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ራሱ የቁልፍ ማስነሻው። በአንድ ቀለበት ላይ የቤት፣ የሱቅና የግቢ ቁልፍ ሰብስቦ የሚያንጠለጥል ሰው ማስነሻውን በዓመታት ያላላዋል። ቁልፉን በቀስታ ስታወዛውዙ ከጠፋ ተረጋገጠ። ይህ ቀጥታ ሽቦ ለፍተሻ ብቻ ነው፦ እሱ እያለ ቁልፍ ብትዘጉም ሞተሩ አይጠፋም። በናስትሮ ጠቅልሎ ለዘለቄታው የሚተወው አለ። የናፍጣውን መንገድ የሚዘጋውን የሶሌኖይዷን ቡሽ አውጥቶ ጥሎ «ተሠርቷል» የሚልም አጋጥሞኛል። መኪናው ቢጋጭ ሞተሩን የሚያጠፋው ማን ነው?

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ማሰሪያው ደህና ከሆነ፣ ፖዘቲቩ አጠገብ ያለውን የሚቀልጥ መከላከያ ሽቦ በሁለት ጣት ሳቡት። ልባሱ ሳይበላሽ ውስጡ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በተራ ሽቦ አትተኩት። መኪናው በእሳት ይቃጠላል።

ሌሎቹን ባጭሩ

የቻርጅ መብራት መጣ ሄደ ካለና ከዲናሞው ጀርባ ዘይት ካያችሁ፣ እዚያ ያለው የቫኩም ፓምፕ ጎማ አልቆ ዘይቱ የዲናሞውን ካርቦኖች አርጥቧል። ካርቦን ብቻ መቀየር ለሳምንት ነው። ይኸው ፓምፕ ፍሬናችሁን የሚያቀል ስለሆነ ቺንጋ ተበጥሶ «እስከ ቤት ልድረስ» አትበሉ፤ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

ቻርጁ ሞተር በመጠነኛ ፍጥነት ሲዞር ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ነው። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ሄዷል።

ባትሪው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ የሞተር ማሞቂያው ሪሌይ ተጣብቆ እንደሆነ እዩ። አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

ባለ 24 ቮልት ኤንፒአር፣ የኢሱዙን የጭነት መኪና፣ የያዛችሁ ደግሞ፣ ለቴፕ ብላችሁ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ 12 ቮልት አትውሰዱ። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በስድስት ወር ሁለቱንም ትጥላላችሁ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ ገበያ ላይ አለ።