የኮሎምቢያን የበረዶ ሜዳ በካርታ ላይ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በካናዳ ሮኪ ተራሮች፣ በአልበርታና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድንበር ላይ የተንጣለለው የኮሎምቢያ የበረዶ ሜዳ ካርታ አንባቢን መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሜዳውም ሆነ ከዳርቻው የሚወርዱት ግግር በረዶዎች የሚሣሉት በአንድ ነጭ ቀለም ነውና። ስለዚህ አስቀድመው ሁለቱን ይለዩ። የበረዶ ሜዳ በተራሮች መካከል ባለ ከፍተኛ አምባ ላይ ለዘመናት የተከማቸ የጋራ ጎተራ ሲሆን፣ እንደ አታባስካ፣ ሳስካችዋንና ስተትፊልድ ያሉት ግግር በረዶዎች ደግሞ ከዚያ ጎተራ ተርፎ በየሸለቆው ቀስ እያለ የሚወርደው በረዶ ናቸው።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚፈልገው 3,741 ሜትር ከፍታ ያለውን የኮሎምቢያን ተራራ ነው። እኔ ግን ስኖው ዶም ከተባለው ጉልላት መጀመርን እመርጣለሁ፤ የአካባቢው ውሃ በሦስት አቅጣጫ የሚከፈለው እዚያ ነው። ጣትዎን ከጉልላቱ ላይ አሳርፈው ወንዞቹን ይከተሉ። አንደኛው መስመር በአታባስካ ወንዝ አድርጎ በመጨረሻ ከማኬንዚ ወንዝ ጋር አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል፤ ሁለተኛው በኮሎምቢያ ወንዝ በኩል ሰላማዊ ውቅያኖስ ይደርሳል፤ ሦስተኛው በሰሜን ሳስካችዋን ወንዝ በኩል ሀድሰን ባሕረ ሰላጤን ያገኛል። (ኤድመንተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት ውሃ ከዚህ ከሦስተኛው ወንዝ የሚጠለፍ ነው።) ሀድሰንን ከአትላንቲክ ሳይሆን ከአርክቲክ የሚቆጥሩ ስላሉ፣ ውሃው ወደ «ሦስት ውቅያኖስ» ይፈስሳል የሚለውን የተለመደ አባባል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

ቀጥሎ የከፍታ መስመሮቹን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙትን መስመሮች፣ ይመልከቱ። በካናዳ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ እነዚህ መስመሮች በመሬት ላይ ቡናማ፣ በበረዶ ላይ ሰማያዊ ናቸው። በላይኛው ክፍል የግግሩ ገጽ መሐሉ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ መስመሮቹ ወደ ራስጌው ይታጠፋሉ፤ በታችኛው ክፍል ግን ገጹ እንደ ጀርባ ስለሚጎብጥ ወደ ግርጌው ይቀሰራሉ። መስመሮቹ ቀጥ የሚሉበት ስፍራ በዓመት የሚከማቸውና የሚቀልጠው በረዶ በግምት የሚመጣጠኑበት ከፍታ ነው። ይህን ግምት በነሐሴ ወር መጨረሻ ከተነሣ የሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩት፤ ንጹሕ ነጭ የሆነው ዐመዳይ (ገና ወደ ግግር ያልተለወጠው በረዶ) አልቆ ግራጫው በረዶ የሚጋለጥበት ድንበር እዚያው አካባቢ መገኘት አለበት። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ዓይን የሚያሠለጥን ልምምድ የለም።

ካርታው የተዘጋጀበትን ዓመት ሳያዩ ርቀት አይለኩ። የአታባስካ ግግር በረዶ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዛሬ አውራ ጎዳና 93 የሚያልፍበትን ስፍራ ሸፍኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ስላፈገፈገ፣ አሮጌ ካርታ በረዶ ብሎ የሚያሳየው ቦታ አሁን ጠጠርና ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ወደ ስፍራው ከሄዱም በመንገዱ ዳር በረዶው በየጊዜው የደረሰበትን ቦታ የሚያሳዩትን፣ ዓመት የተጻፈባቸውን ምልክቶች ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። በረዶው ላይ ግን ያለ አስጎብኚ አይውጡ፤ በስስ ዐመዳይ የተሸፈኑትን ጥልቅ ስንጥቆች የትኛውም ካርታ አያሳይም።