በቃላት ዝርዝርና በመዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት ማጥናት ይቻላል?

መጀመሪያ ዝርዝሩን ምረጡ። በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ለጥናት አይሆንም፤ «አዳፕት» (ተላመደ) እና «አዶፕት» (ተቀብሎ የራሱ አደረገ) በአንድ ቀን ከተጠኑ ለብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የሚያዋጣው ደጋግመው የሚያጋጥሙ ቃላትን የለቀመ ዝርዝር ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው እንዲህ ያለ ዝርዝር 2,000 ያህል ቃላት አሉት፤ በቀን አሥር ብትይዙ በ200 ቀን ታዳርሱታላችሁ።

ከዚያ ደብተርና መዝገበ ቃላት ያዙ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መዝገበ ቃላት ይበቃል። እኔ ግን የወረቀቱን እመርጣለሁ፤ አንዱን ቃል ስፈልግ ዓይኔ ጎረቤቱንም ያነባል።

ዋናው ችግር ትርጉም መምረጥ ላይ ነው። ትምህርት እንደጨረስኩ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «አመለከተ» የሚለውን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በሚተረጉም መዝገበ ቃላት ፈልጌ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን «ኢንዲኬት» ገልብጬ አስገባሁ። እሱ ግን ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ነው። ለሥራ ማመልከት «አፕላይ» ነው፤ እዚያው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ነበር። ቅጂውን ያነበበ ጓደኛዬ ሲነግረኝ ደብዳቤው ከእጄ ወጥቷል። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ያገኛችሁትን ቃል መልሳችሁ ፈትሹ። የእንግሊዝኛውን ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጉመው ፈልጉት። ወደ ተነሳችሁበት ሐሳብ ካልመለሳችሁ ተዉት። ከመለሳችሁም ምሳሌውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ ምሳሌ የሌለው መዝገበ ቃላት ለጀማሪ አደገኛ ነው። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ የምታውቁት ከምሳሌው ነውና። እኛ ፎቶ «እናነሳለን»፤ እንግሊዝኛው ግን «ቴክ» ይላል፣ ትርጉሙ «ወሰደ» የሆነውን ቃል። «ስህተት ሠራ» ለማለትም «ወርክ» ሳይሆን «ሜክ» ነው። በደብተራችሁ ላይ ቃሉን ብቻውን አትጻፉ፤ «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ብላችሁ ሙሉውን ያዙት።

ክለሳው በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም በወሩ ይሁን። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ በታክሲ ስወርድ እከልሳለሁ። ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ አማርኛውን፣ በቀኝ እንግሊዝኛውን እጽፋለሁ፤ የምሸፍነው ሁልጊዜ ቀኙን ነው። የተጻፈውን እያዩ «አውቀዋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ተሸፍኖ ከአፍ ሲወጣ ነው ቃሉ መያዙ የሚታወቀው። ያልመጣልኝን ጫፉ ላይ ነጥብ አደርግበትና ማታ ስመለስ ከእሱ እጀምራለሁ።