የመጽሐፍ መደርደሪያ በገዛ እጃችሁ ልትሠሩ ነው?

የመጀመሪያው መደርደሪያዬ በወሩ ጠመመ። አንዱ ጎኑም ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርጥብ ጣውላ ገዝቼ በዚያው ቀን ቆርጬ ገጠምኩት።

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ይህ የሚታየው በወርዱ ነው፤ በቁመቱ የሚመጣው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ጣውላውን ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፣ ይጎብጣል። በመሃል በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረጋችሁ አጋድማችሁ ደርድሩትና ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ይሰንብት (ውኃው ገና ያልወጣለት ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፣ ባትገዙት ይሻላል)። ስትገዙ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጠርዙ በኩል እስከ ጫፉ እዩት። ጠማማው ወዲያው ይታያል። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ችላ በሉት።

ቀጥሎ ርዝመት። ያው ክብደት ተጭኖበት የመደርደሪያው ርዝመት እጥፍ ቢሆን፣ የሚረግበው ስምንት እጥፍ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) ለመጽሐፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው፤ እኔ እንዲያውም 70 ላይ አቆማለሁ።

ስትቆርጡ መጋዙም የራሱን እንደሚበላ አትርሱ። የማሽን መጋዝ በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። ከ2 ሜትር ጣውላ አራት ባለ 50 ሳንቲ ሜትር እቆርጣለሁ ያለ ሰው የመጨረሻው ላይ ያጥረዋል። እኔንም አጥሮኛል።

ቪቴ (ጥርስ ያለው፣ እየዞረ የሚገባ ማሰሪያ) ከማስገባታችሁ በፊት በድሪል ብሱ። ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪሉ መብሻ) ይበቃል። ሳይበሱ ጠርዝ ላይ ማሰር ማለት እንጨቱን ሰንጥቀው ማለት ነው። በጣውላው ጫፍ በኩል፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የገባ ቪቴ ደግሞ አያያዙ ደካማ ነው፤ እዚያ ላይ ረዘም ያለ ቪቴ ተጠቀሙ፣ ኮላም ጨምሩ። ተርፎ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አለበለዚያ ቫርኒሽ ሲቀባ ነጭ ነጭ ሆኖ ያጋልጣችኋል።

ኮላው ሳይይዝ ግን አንድ ነገር አለ። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ በሁለቱም በኩል። ልኬቱ እኩል ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ካልሆነ ረጅም የሆነበትን በኩል በሞርሳ (አጥብቆ መያዣ) ጠበቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እኩል አምጡት። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) የላችሁም? ከጥጉ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ከመጣ ጨርሳችኋል።

በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ ብዙም አያስቸግርም፦ በ80 ቁጥር ጀምሩ፣ በ120 ቀጥሉ፣ በ180 ጨርሱ፤ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ረጅም መደርደሪያ ከሆነ ደግሞ ላዩን በፊሸር (ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ፣ ቪቴ የሚይዝ ፕላስቲክ) ግድግዳ ላይ እሰሩት። ልጆች መሰላል ያደርጉታል።