የቫኪዩም ፓነል ከመግጠማችሁ በፊት አደራደሩን ወረቀት ላይ ሣሉት

ቤት ውስጥ ቦታ ሲጠብ የቫኪዩም ፓነልን የሚተካ የሙቀት መከላከያ አላገኘሁም። ግን ይህ ፓነል አይቆረጥም፣ አይበሳም። ስለዚህ ሥራውን ሁሌም የምጀምረው በሜትርና በእርሳስ ነው።

ውስጡ የታመቀ፣ በጣም ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት አለ። በፊልም ይጠቀለልና አየሩ ተመጦ ይወጣል። ሙቀት የሚያሻግር አየር ስለማይኖር፣ አዲሱ ፓነል መሃሉ ላይ 0.004 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ብቻ ያስተላልፋል። ለስሌት ግን ይህን ቁጥር አትመኑት። በዓመታት ውስጥ ትንሽ አየርና እርጥበት ሰርጎ ይገባል፤ በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ፊልሙ ራሱ ሙቀት ያሾልካል። እኔ ከ0.007 በታች አልይዝም። በዚህ ስሌት እንኳ 2 ሳንቲ ሜትር ፓነል 10 ሳንቲ ሜትር ነጭ ፎም ይተካል። ከተበሳ ቁጥሩ ወደ 0.020 ይወጣል፤ ያኔ ከ3.5 ሳንቲ ሜትር ፎም አይበልጥም።

ግድግዳውን ለክታችሁ መስኮቱን፣ ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ፓነሎቹን በሁለት ወይም ሦስት መጠን ብቻ ደርድሩ። ጠርዝ ላይ የሚተርፈውን ክፍተት በሚቆረጥ የፖሊዩረቴን ፎም ሙሉት። ብሎን የግድ ከሆነ እዚያ ፎም ውስጥ ይግባ።

ፓነሉ ሲመጣ አንድ በአንድ ዳስሱት። ጤነኛው እንደ ጣውላ ጠንካራ ነው፣ ፊልሙም ጥብቅ ብሎ ተጣብቋል። ፊልሙ ከላላ አየር ገብቷልና መልሱት።

መግጠሚያውን ቦታ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ፊልሙን ለመብሳት አንዲት ጠጠር ትበቃለች! ወለል ከሆነ ከሥርም ከላይም ስስ የመከላከያ ንጣፍ አድርጉ። እርጥብ ሲሚንቶ በቀጥታ አያግኘው፤ አልሙኒየም ያለበትን ፊልም ይበላዋል። ፓነሎቹን ትከሻ ለትከሻ አስጠጓቸው። ውፍረት ከተፈቀደላችሁ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ስስ ድርብ እመርጣለሁ። የላይኛው የታችኛውን መጋጠሚያ ስለሚሸፍን ሙቀት የሚሾልክበት መንገድ ይጠባል።

ከመሸፈናችሁ በፊት በሙቀት ካሜራ እዩት። ውስጡና ውጪው የሙቀት ልዩነት ሲኖር አየር የገባበት ፓነል ጎልቶ ይወጣል፤ ያኔ መቀየር ቀላል ነው። የፓነሎቹን አደራደር ሥዕል ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ስጡ፤ አንዱን ኮፒ ቆጣሪው ጋ ለጥፉ። ነገ ቲቪ ለመስቀል ድሪል ይዞ የሚመጣው ሰው የት መብሳት እንደሌለበት ማወቅ አለበት።