ዱባይ ሆነሽ ጎንደር ላይ ከቤተሰብ ጋር የበርበሬ ንግድ እንዴት ይሰራል

እኔ የጀመርሁት ዱባይ ሰው ቤት እየሰራሁ ነው፣ እናቴና ታናሽ እህቴ ጎንደር በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። የመጀመሪያው አመት ብሩ ሁሉ አለቀ፣ ማንም አልሰረቀኝም፣ የቤት ወጪውም የልጅ ትምህርቱም የማህበር ድግሱም ከንግዱ ብር ሲወጣ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት አካውንት ይከፈት፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለንግዱ ብቻ። ብሩን በባንክ ላኪ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ ጥቁር ገበያው እንደ በፊቱ እጥፍ አይሰጥም፣ ደረሰኝም ይኖርሻል።

ቀጥሎ ለእህትሽ ደሞዝ ቁረጪላት። ይሄን እለምናችኋለሁ! እሷ ናት ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ዛላውን የምትመርጠው፣ የምትቀነጥሰው፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ወፍጮ ቤት የምትሰለፈው፣ እኔ ግን ብር ስለላክሁ ብቻ በስልክ እቆጣት ነበር አሁን ሳስበው ያመኛል። ዛሬ ደሞዝ አላት፣ ከትርፉም ሲሶው የሷ ነው፣ ተፈራርመናል።

ንግድ ፈቃዱ ባንቺ ስም ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። ዱባይ ቆንስላችን ሄደሽ ትሰጫለሽ፣ ሀገር ቤት ደግሞ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ፓስፖርትሽን አሰሪሽ ከያዘው ጠይቂ፣ የኤምሬትስ ህግ ራስሽ እንድትይዢው ነው የሚለው። ሳትፈርሚ ወረቀቱን አንብቢ፣ ማንበብ ካስቸገረሽ የምታምኛት ታንብብልሽ፣ በ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፣ ቤት መሸጥና በመያዣ ማስያዝ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፣ እና "መሸጥ መለወጥ" የሚል ቃል ሳያስፈልግሽ ከገባ አስወጪው። ከፀፀተሽም መሻር ትችያለሽ።

ዛላውን አዝመራው ሲገባ ግዙ፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። ዋጋ ስታወጡ ደግሞ የተገዛውን ኪሎ አትቁጠሩ፣ ሲቀነጠስና ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ኮረሪማው ወፍጮው ትራንስፖርቱ አለ፣ ተፈጭቶ ከወጣ በኋላ መዝኑና ወጪውን በሙሉ ለዛ ኪሎ አካፍሉት።

ደብተሩን እህቴ ቅዳሜ ማታ ፎቶ አንስታ በኢሞ ትልክልኛለች፣ የዱባይ ሰአት በአንድ ሰአት ስለሚቀድም ስራ ጨርሼ ነው የማየው። ዱቤ የወሰደ ሰው ለብቻው ገፅ አለው፣ የድሮውን ሳይከፍል ሁለተኛ አይወስድም፣ አክስታችንም ብትሆን።